መተርተሪያ

ደብዳቤው አጭር ነው፤ ሦስት መስመር ብቻ፣
ክብ ማኅተም መሀሉ፣ ፊርማ ከዳርቻ።
እኔ ግን ለአንዲት ምሰሶ አርባ ገጽ ነው የምጽፍ፣
የሰው ክብደት ደምሬ፣ የነፋስ ግፊት ደምሬ፣ እንዳትዛነፍ።
ስምንት ዓመት ሙሉ።
ለእኔ መውረድ ግን ስሌትም አላሻው፣
«በበጀት እጥረት» ነው መነሻው መድረሻው።

አሁንም ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ዓይኔ ይገለጣል፤
እግሬ በጨለማ የሳይት ጫማዬን ካልጋው ሥር ይፈልጋል።
ሰርቪስ የለ፣ የት ልሄድ?
በመስኮት አያለሁ። ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ በቂሊንጦ በኩል፣
ሕንጻዬ ቆሟል፣ ሰባተኛው ላይ፣ አፍ ላይ እንደ ቀረ ቃል፤
ባሕር ዛፉ እንደ ታሰረ፣ ፌሮው ወደ ላይ እንደ ቀረ፣
ዝናብ በጣለ ቁጥር ቀይ መስመር በግድግዳው እየወረደ
ያለ ማስመሪያ ሠመረ።

ምክር በየደረጃው ነው። ሊፍት የለንም፣ አራት ፎቅ በእግር ነው፤
ወይዘሮ ጥሩነሽ ከሁለተኛው፦ «ዶሮ አርቢ፣ ዕንቁላል ዛሬ ወርቅ ነው።»
ሽመክት፣ የአክስቴ ልጅ፣ በስልክ፦ «ኮዲንግ ተማሪ፣ ስድስት ወር ነው፤
አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ።»
ሒሳብ እንኳ አውቃለሁ።
የደብተሬን ብር በወር አካፍዬ፣ የቤቱን ዕዳ ቀንሼ፣
እስከ ጥቅምት እደርሳለሁ።
ጥበቃው ኢተፋ ብቻ ምክር የለውም፤ «ኢንጅነር» አለኝ ትናንት፣
«ታንከሩ ያፈሳል።»
ሄድኩ። መፍቻ ተበደርኩ፣ አጠበቅሁት፣ አንድ ዙር ተኩል፤
የብረቱን ሽታ ከእጄ ላይ ማታውን ሙሉ አልታጠብኩት።

ምድር ቤት፣ ከወፍጮው አጠገብ፣ ጋሽ ሙዘሚል ልብስ ይሰፋል፤
ለቃለ መጠይቅ የምለብሰው ቀሚስም፣ እኔ ስከሳ፣ ይሰፋል።
ላስጠብብ ገብቼ፣ «ሜትሩን ያዢ» አለኝ፣ ያዝኩ፣
«ሃምሳ ስምንት ነጥብ አራት» አልኩ።
ሳቀ። «ነጥቧን ተያት፤
ምሳ የበላ ሰው ያጠፋታል እሷን፣ ገና ሳንሰፋት።»
ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት እወርዳለሁ።
ስለ ደሞዝ አልተነጋገርን፣ ስለ ሙያ አልተባባልን፣
የዘይት ጀሪካን ገለበጠና «ተቀመጪ» አለኝ፤ በቃ፣ ተግባባን።

ማክሰኞ ዕለት እጅጌ በተቃራኒው ሰፋሁ።
ደርቄ ቀረሁ።
የገላኑ ምሰሶ ትዝ አለኝ፦ ናሙናው ወድቆ፣ እኔው «ይፍረስ» ብዬ ፈርሜ፣
ሦስት ቀን በጃክሐመር ሲፈርስ፣ አቧራውን እየዋጥኩ ከጎኑ ቆሜ፤
ፎርማን ወንድይፍራው በፊቴ ሲያልፍ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ።
ሲሚንቶ ይቅር አይልም። ሃያ ስምንት ቀን ይሰጥሻል፣ ከዚያ ወዲያ ያው ነው።
ጋሽ ሙዘሚል ግን ከመሳቢያው ጣት የምታህል ሹል ብረት አውጥቶ፣ «ተርትሪው።
የተሳሳተው ክሩ ነው እንጂ ጨርቁ ምን አደረገ?»
መብራት ሄደ፤
በስልኬ ብርሃን ጣቴ እያንዳንዱን ክር ፈለገ።

አልወሰንኩም። የፈቃዴ ማደሻ ሰኔ ነው፣ ገና አለ ጊዜ፤
«ኢንጅነር አስተምሬ፣ ልብስ ሰፊ ሆነች» ስትል እናቴ፣
እሱ ራሱ ሌላ ትካዜ።
ያንን ሕንጻ ደግሞ በመስኮት ባየሁት ቁጥር መተርተር ያምረኛል፣
ከላይ፣ ከሰባተኛው ጀምሮ፣ ወለል በወለል፤
ወዲያው ደግሞ
መጨረስ ያምረኛል።

ማታ ልጄ ሶልያና የትምህርት ቤት ቅጽ ይዛ መጣች፤
ስሟን ሞላች፣ ክፍሏን ሞላች፣
«የእናት ሥራ» የሚለው ጋ እስክሪብቶዋን አንጠልጥላ አየችኝ፦
«ምን ልበል?»
«እሱን ተይው» አልኳት።
በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።
«ቆይ፣ ነይ።
በእርሳስ ጻፊው።»