ያችው ቦታ

መጀመሪያ ማሳከክ፣ ቀጥሎ ማቃጠል፣
ሌሊቱን በመስኮት እጄን ማንጠልጠል፤
ሲነጋ፣ ከአውራ ጣቴ ግርጌ፣ ግራ እጄ ላይ፣
ውሃ ቋጥራ ቆመች፣ የቀረሶ ዓይን መሳይ።
በሳምንቱ ፈርጣ፣ ተልጣ፣ ደርቃ፣
ጥቁር ሳንቲም ትታልኝ ሄደች፣ አውቃ።

አለፈ አልኩ። ክረምት ወጣ፣ መስከረም ጠባ።
እዚያችው ክብ ላይ ደግሞ ሞላች እንባ።
በጥቅምት አጋማሽ
ከንፈሬን ጨመረች፣ እንደ መሬት ወራሽ።

አሳ ስበልት ውዬ አሳ ሳልበላ የማድር፣
መደቤ ሽምብጥ ነው፣ ከታንኳዎቹ ዳር።
እጄን ያየ ደንበኛ ወደ እንዬ ዞረ፤
የኔ ቀረሶ ዝንብ ሲቀልብ ውሎ ቀረ።

ሰው መቼም ለሰው በሽታ ስም አያጣም።
አያ ምናሉ፣ ከሚጠግኑት መረብ ቀና ሳይሉ፣
"አልማዝ ባለጭራ ናት፤ ወገብሽን እንዳትዞር" አሉ።
ጠጂቱ "የሸረሪት ሽንት ነው" ብላ
ጣራዬን ጠረገች፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መጥረጊያ አንጠልጥላ።
"ምች ነው" ያሉኝ ዳማከሴ ጨምቀው ቀቡኝ፤
"እምቦጭ ነው" ያሉኝ ከውሃው አራቁኝ።
የአምባዛ እሾህም ተከሰሰ።

"ዓይን ነው" ያለኝ ግን የለም። እሱን እኔው አልኩት፤
በልቤ፣ ሌሊት፣ ከእንዬ ስም ጋር አጣበቅኩት።
ጠዋት "እንዴት አደርሽ" ስትለኝ ዘጋኋት፤
የተዋስኩትን ቢላ በልጅ ላኩላት።

በአራተኛው፣ ሆስፒታል፣ የቆዳ ክፍል ገባሁ።
ልጄን የምታህል ዶክተር አገኘሁ።
እጄን ያዘችው። ሳትጸየፍ ያዘችው።
ያኔ ነው እንባዬ የመጣው፤ ከሕመሙ አይደለም።

"ሁልጊዜ እዚሁ ነው?"
"እዚሁ።"
"ከመውጣቱ በፊትስ ምን ያምሽ ነበር?"
"ምንም። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እንደማንም።"
"ለቁርጠቱስ?"
"ክኒን።"
"ምን ዓይነት?"
"ነጭ ነዋ!
ካለፈው የተረፈችዋን፣ ከጨው ዕቃ ጎን ያኖርኳትን፣
ባሌን ሲያመው ግማሽ፣ እኔን ሲያመኝ ሙሉ የምንካፈላትን።"

ስክሪፕቶዋን አስቀመጠች። ጣቷን ቆጠረች፦
ቁርጠት፣ ክኒን፣ በማግስቱ እጅ።
ቁርጠት፣ ክኒን፣ በማግስቱ እጅ።
አራት ጊዜ። እኔም አብሬ ቆጠርኩ፤
አሳ የምቆጥር ሴት፣ ይህን ሳልቆጥር ኖርኩ።

"ለሌላው ፈውስ ናት" አለች፤ "ያንቺ ቆዳ ግን ቂም ይዞባታል፤
በመጣች ቁጥር እዚያችው ቦታ ይጠብቃታል።"

የሚቀባ ሰጠችኝ። "ውሃ የቋጠረውን አታፍርጪ።
አፍሽ ውስጥ፣ ዓይንሽ፣ ገላሽ በሙሉ ከቆሰለ ግን
ሌሊትም ቢሆን ነይ፤ ንጋትን አትጠብቂ።"
ከዚያ በካርድ ላይ፣ በቀይ፣ ረጅም ስም ጻፈችልኝ፦
ኮትሪሞክሳዞል።
"ክኒን በገዛሽ ቁጥር አሳዪ። ባታነቢውም አሳዪ።"
በላስቲክ ጠቅልዬ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት፤
የጠላቴን ስም ወገቤ ላይ ታጠቅኩት።

ጣና በነጻ ተሰናበተ። ሸረሪቷም። አምባዛም።
የቀረችው እንዬ ናት፤
ከመደቧ ስደርስ የካርድ ሻጭ ጃንጥላ አገኘሁ በቦታዋ፤
"መራዊ ገባች" አሉኝ፣ "እህቷ ዘንድ፣ ከነቢላዋ።"

አሁን እጄ ድኗል። ደንበኛም ተመልሷል።
ጥቁሩ ክብ ግን ቶሎ አይለቅም፣ ዓመትም ይቆያል ተብያለሁ።
ጠዋት ጠዋት ቢላ ስስል ዓይኔ ያርፍበታል፤
"እንዴት አደርሽ" ይለኛል።
አልዘጋውም።