መቀርቀሪያ

እናቴ ሌት ሌቱን የምትለምነው
ዕድሜ አልነበረም፤ ይህን ብቻ ነው፦
«ከእኔ አንድ ቀን ቀድሞ ይመር ይሙትልኝ፤
አፈሩን አልብሼው፣ በማግስቱ ጥራኝ።»

አልተሰማላትም። ግንቦት ላይ ቀደመች፤
ማን ላይ እንደምትጥለው ሳታውቅ ሄደች።
ከምሰሶው ሥር ገመዱ ብቻ ቀረ፣
በወንድሜ አንጓ ልክ እንደተቋጠረ።

ክፉ አልነበረችም፤ ይታወቅልኝ።
ገበያ ስትወርድ ያ የኮምቦልቻ መንገድ፣
የልጆች ድንጋይ፣ የሲኖትራክ ጉድ፤
ልጇን መች አሰረች? ዓለሙን ነው እንጂ
እንዳይደርስበት፣ ያሰረች መስሏት፣ በዚያች አጭር ገመድ።

ቤት ፍለጋ ዞርሁ፣ ከሮቢት እስከ ሸርፍ ተራ።
«ለስንት ሰው?» «ለስድስት።»
«ምንድን ናቸው?» ስናገር
በሩ በትሕትና ገርበብ ይላል፦
«አብሽሪ እህቴ፣ ትልቅ አጅር አለው፤
ይህ ግን… ተይዟል።»
ሁሉም መረቁኝ፤ ማንም አላከራየኝ።
በምርቃት ብቻ ቤት የሚቆም ቢሆን
ደሴ መሀል ከተማ ባለ ፎቅ በሆንሁ።

ቢሮ ሄድሁ። ቅጹ ሁለት ሳጥን አለው፦
ሕፃናት፤ አረጋውያን።
«የቱ ላይ ላድርግ?» አለች ጸሐፊዋ፣
እስክሪብቶዋን አንጠልጥላ።
ጢም አለው፣ አልኋት፤ ምላጩን የምይዘው እኔ ነኝ።
ዝናብ ይወዳል፤ ነጎድጓድ ይፈራል፤
ጎረቤት ሲሞት ከሁላችን ቀድሞ ያለቅሳል።
«እሱማ ሕፃን ነው።»
አይደለም። አርባ ዓመቱ ነው።
ዝም ብላ አየችኝ፤ ከዚያ
ሦስተኛ ሳጥን ሣለች፣ ጎኑ የተንጋደደ፤
ምንም ሳትጽፍበት
ማኅተሟን አሳረፈች።

ያገኘሁት ቤት ወፍጮ ነበር፣ የሞተ ወፍጮ፣
ከጦሳ ግርጌ፤
ዛሬም ነፋስ ሲገባ ግድግዳውን ዱቄት ያስለዋል።
ሐጂ ሙሄ ቁልፉን ሲሰጡኝ
«ድንጋይ ሲያጓራበት የኖረ ቤት
ጩኸት አይገርመውም» አሉ።

መጀመሪያ ዘሀራ መጣች፣ ከሐይቅ፣
ከአባቷ ጋር።
ሽማግሌው ተሰናብተው ወጡ፤ ተመለሱ፦
«ወተት አትወድም።»
ወጡ፤ ተመለሱ፦
«በግራ ጎኗ ነው የምትተኛው።»
ሦስተኛም ተመለሱ፤ ምንም አላሉ።
ከዚያ አራጋው፣ ከኩታበር፣
የሚያልፍ መኪናን ሁሉ በእጁ የሚባርክ፤
ከዚያ ደርብነሽ፣ የማትናገር፣
የሞተች እኅቷን መቀነት የማትለቅ።

የወፍጮው በሮች መቀርቀሪያቸው በውጭ ነበር፣
እህል እንዳይሰረቅ።
አናጢው ጠሃ «ለእነዚህማ እንዲህ ይሻላል» አለ።
ንቀለው፣ አልሁት። ወደ ውስጥ ትከለው።
«ቢዘጉብሽስ?»
አንኳኳለሁ።

የመጀመሪያዋ ሌት መብራት ሳጠፋ
ይመር ሁለት እጆቹን ዘረጋልኝ፦
«መሽቷል እኮ። እሰሪኝ።»
ገመዱን ጥዬዋለሁ ብዬ ማልሁለት፤
እንዳፈጠጠ ነጋ።
ሁለተኛዋም ሌት እንዲሁ።
በሦስተኛዋ፣ ደክሞኝ፣
የሻሼን ጫፍ አንጓው ላይ ጣል አደረግሁ፤
አልቋጠርሁትም፣ ጣል ብቻ።
ተኛ።
ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ከዚያ ወዲያ ክረምቱ አለፈ፤
ጣሪያው ሁለቴ አፈሰሰ፤
ዘይት ተወደደ፤ የረዳችኝ ልጅ ትታኝ ሄደች፤
የይመር አንጓ ላይ ያለው ጠባሳ
አልጠፋም፤ ፀጉር ግን አበቀለ።

ዛሬ ጠዋት፣ ጉሙ ከጦሳ ሳይነሳ፣
የይመር በር ተዘግቷል።
ከውስጥ።
ልቤ ወደቀ፤ እጄ ወደ አናጢው ስልክ ሄደ፤
ያልሁት ትዝ አለኝና መለስሁት።

አንኳኳሁ።
ዝም።
ደግሜ አንኳኳሁ።
አርባ ዓመት ሙሉ ማንም በር አንኳኩቶለት የማያውቅ ወንድሜ
እንደ ባለቤት፣ እንደ አባወራ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ
«ማነው?» አለ።

ስሜን ነገርሁት።
ቆሜ እየጠበቅሁ ነው።