ከሌሊት ፈረቃ መልስ

ላገር ብርድ ልብስ ስሸምን ነው የማድረው፣
የደብረ ብርሃንን ውርጭ ከሰው ጀርባ የማባርረው፤
ቤቴ ስገባ ግን፣ ንጋት አሥራ ሁለት፣
ማኅደር በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ
ትንቀጠቀጣለች።

ዘጠነኛ ክፍል ናት።
ደብተር ከገለጠች ሦስት ሳምንቷ፣
ፀጉሯንም ከነካች።

መጀመሪያ ጮህኩባት፦ «ስንፍና ነው!»
«እኔ ባንቺ ዕድሜ…» ብዬ ቆጠርኩላት
በጠባሴ መንገድ የተሸከምኩትን ጥርብ ድንጋይ፤
ያንን ሁሉ ድንጋይ
ተራ በተራ ጫንኩባት።

እናቷ ጠበል አለች። ጎረቤት፣ ዓይነ ጥላ።
የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን እኔኑ ጠየቀችኝ፦
«አዳምጠዋት ያውቃሉ?»
አፌ ተያዘ።

ከዚያ ወዲህ በሯ ሥር እቀመጣለሁ፣
ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ።
ምክር አልያዝኩም፤
ጃኬቴ ላይ የቀረ ክር እለቅማለሁ።

አንድ ቀን ምንም። በማግስቱም ምንም።
በአራተኛው እንቅልፍ ጣለኝ መሰል፣
ስነቃ ትከሻዬ ላይ
ከሦስቱ አንዱ ብርድ ልብስ፤
በሩ ገርበብ ብሏል።

«አባዬ» አለች ፊቷን ሳታዞር፣
«መሬቱ ይበርዳል።
ግባና ተቀመጥ።»

ገባሁ።
ቀጠሮው ሐሙስ ነው።
አብረን እንሄዳለን፣
እሺ ካለች።