ሁለት ሰው የቀረው

አጎቴ እብሬ ሚዛን ጠጋኝ ነበር፣ ሰኞ ገበያ ዳር፤
ኪሎ ሲዋሽ ያርማል፣ ሲያነክስ ያቃናል፣ አንዳንዴ በሳንቲም፣ አንዳንዴ በምስር።
ሥራው ሐቅ ነበረ። ወሬው ግን፣ አቤት የእሱ ወሬ!
ሩቡን ቀንሰን ነው የምንሰማው፣ ያኔም ሆነ ዛሬ።

እሁድ ማለዳ ላይ፣ ጦሳ ጉም ውስጥ ገብቶ፣
የጎረቤት ዶሮ ድምፁ ብቻ ቀርቶ፣
ከአጥሩ ማዶ ፉጨት ይመጣል፣ በጎደለ ጥርስ የሾለከ፤
ከዚያ እንደ ታክሲ ረዳት፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሰፈሩን እያወከ፦
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! ሁለት ሰው የቀረው!»
ሁለቱ ሰው እኛ ነን፤ እኔና ዘሃራ፣ የጫማችን ክር ሳይታሰር የምንበረው።

ሂሳብ ለአንድ ሰው ነው የሚከፍል፣
ስለዚህ ጉልበቱን ለሁለት ያካፍል፤
ቀኙን ዘሃራ ትይዛለች፣ ቀድማ፣ በክርኗ ገፍታኝ፤
ለእኔ ግራው ይደርሰኛል። ምንም አልከፋኝ።

«ኩርባውን ቁጠሩ» ይለናል፣ ሐረጎ ላይ ስንደርስ፣
መኪናው ቁልቁል ሲምዘገዘግ፣ ሆዳችን ሲተራመስ፤
ዘሃራ ሠላሳ ሰባት፣ እኔ አርባ ሁለት፣ እሱ ደግሞ ሌላ፤
«ባለፈው እኮ አርባ ነው ያልከው!» ስንለው በኋላ፣
«መንገድም እንደ ሰው ነው፣ ይወፍራል ይከሳል፤
ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲጾም ይሳሳል።»

ከአንዷ ኩርባ አጠገብ፣ በለስ በባልዲ ይዛ የምትቆም ሴትዮ አለች፤
«የእብሬ ልጆች» ትለናለች፣ ሁልጊዜ አንድ ትመርቃለች።
እሱ በሁለት ጣት ይዞ ይልጣል፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ቀስ ብሎ፤
እሾኹን ከከንፈራችን ይለቅማል፣ ፊታችንን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

ኮምቦልቻ ሙቀት ነው። ሹራብ ወገብ ላይ ይታሰራል።
ከአውሮፕላን ማረፊያው ሽቦ ሥር፣ ሦስት ሰው ሣር ላይ ይደረደራል።
አውሮፕላን ግን የለም።
«ዛሬ ነፋስ ከልክሎት ነው።» ሌላ እሁድ፦ «አብራሪው ሰርግ አለበት።»
ሌላ እሁድ ዝም። ዘበኛው ሳቀበት።

እሱ አሰብ ድረስ በርሯል። ራሱ ነው የነገረን፤
ደመናው የተቆረሰ ዳቦ፣ ባሕሩ የተዘረጋ አቡጀዲ፣ እያለ ያሻገረን።

አንድ ቀን መጣ።
ከቦርከና በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ እያጓራ፤
አጎቴ እብሬ በሁለት እጁ ቆቡን ይዞ፣ ሣር ላይ ተደፋ። ፈራ።
ሲነሣ ጉልበቱን አራገፈ፤ «ይሄ የአሰቡ አይደለም» አለ፤
እኔና ዘሃራ ተያየን። የሚስቅ ግን የለ።
ያን ቀን ሩቡን አይደለም፣ ሙሉውን ቀነስን፤
አልነገርነውም። እስከ ቤት ድረስ፣ ስለ አሰብ እየጠየቅነው ተመለስን።

ንጋት ላይ ሞቶ፣ ለዙሁር ተቀበረ፤
እኔ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው፣ ዝናብ ይዞ፣ እየመሸ ነበረ።
ሐረጎን ከታች ወደ ላይ ስወጣ፣ ኩርባ መቁጠር ጀመርኩ፤
አሥራ ዘጠኝ ላይ የተደፋ ባልዲ አየሁና፣ ቁጥሩን ጣልኩ።

ግድግዳው ላይ የሰው ሚዛኖች ተሰቅለዋል፣ ተራቸውን እየጠበቁ፤
የሽንኩርት ነጋዴዋ ደጅ ላይ ቆማለች። አፏ «አላህ ይርሐመው» ይላል፤
ስለ ሚዛኗ ዓይኖቿ ጠየቁ።

ዱዓው አብቅቶ፣ ምንጣፍ ስናጥፍ፣ እናቴ እንደ ዋዛ ነው የተናገረችው፦
«ያቺ ግራ ጉልበቱ፣ ከወታደርነቱ ወዲህ፣ ዕድሜ ልኩን አሠቃየችው።»
ግራዋ? አልኩ።
ግራዋ።

ስንት እሁድ። ስንት ኩርባ። እኔ እዚያ ላይ ሆኜ ስዘል፣
እሱ «ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት» ሲል፤
ለካ ቁጥሩ የሚምታታበት...
የሚዛን ሰው ነው። ክብደቴን ያውቀዋል።

በማግስቱ መናኸሪያ፣ ጦሳ እንዳለ ጉም ውስጥ ነው፤
አንድ ልጅ እግር ረዳት፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፦
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!»
ቆምኩ።
«እኔ ነኝ» አልኩት።
የኋላውን ወንበር ጠቆመኝ፤
ሂሳብ ጠየቀኝ።