ርክክብ

በሩ ጀርባ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣
ማኅተም ያረፈበት፤ ዳር ዳሩን እንፋሎት በልቶታል።
ማንኪያ ስድስት።
ሹካ ስድስት። ቢላ ሁለት። ኩባያ አራት።
ብርድ ልብስ ሦስት (ደሴ ነው፣ ሦስቱም ያስፈልጋል)።
የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ አንድ፤ ባትሪ የለውም።
ከሥሩ፦ የተከራይ ስም።
ጻፍኩ።
ስድስት ማንኪያ ላንድ አፍ።

የሰው መዝገብ ልመረምር ነው የመጣሁት፣ ለአርባ ቀን፤
ፒያሳ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መሥሪያ ቤቴ ከፍሎ፣
ሙቅ ውሃ አለው ተብሎ።
አለውም።
ሁለቴ መጥቷል፣
አንዴ እኔ ሳልኖር።

ከመስኮቴ ሥር ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፦
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው ቀርቶናል!»
ስንት ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ፣
ያ አንድ ሰው ግን አልመጣም።
ጫማ ሻጩ በድምፅ ማጉያ ይምላል፣
ባጃጁ ያለ ምክንያት ጡሩምባ ይነፋል፣
ጉም ከጦሳ ይወርዳል፤ ሳይከራይ፣ ሳይፈርም፣
በረንዳውን ተሻግሮ ሶፋዬ ላይ ይጋደማል።

ቀን የሰው ጉድለት ስቆጥር ውዬ
ማታ እገባለሁ ቁልፌን አዝዬ፤
ቁልፉ ይከብዳል፣ ቤቱ ይቀላል፣
«አመሸህ» የሚል ከወዴት ይመጣል?

ከግድግዳው ማዶ ሰው ያስላል።
ሳሉን ለመድኩት፣ ፊቱን አላውቀውም።
ሊነጋ ሲል ከወዲያ አዛን፣ ከወዲህ ቅዳሴ፣
መሃል ላይ የኔ ስልክ፤
እነዚያ አገር ይጠራሉ፣
የኔዋ እኔን ብቻ።

አንሻ በየሁለት ቀኑ ትመጣለች፣
ወለሉን ትወለውላለች፣ ማንኪያውን ትቆጥራለች።
«አንቱ ደሞ ሲበሉም አይታዩ፤
ሹካው እኮ አቧራ ጠጣ!»
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ብርዱ አጥንቴን አገኘው።
ሦስቱን ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ኮቴን ጨምሬ፣
ጥርሴ እንደ ገንዘብ መቁጠሪያ ሲንቀጫቀጭ
በር ተንኳኳ።
ቀኗ አልነበረም።
ከቤቷ፣ ከሆጤ ጥግ፣ በሻርፗ ጠቅልላ፣
ጽጌረዳ በተሳለበት፣ ጠርዙ በተላጠ የቆርቆሮ ኩባያ
ትኩስ አብሽ ይዛለች።
አብሽ ሰጥታኝ «አብሽር» አለችኝ፤
የቱ እንዳዳነኝ እንጃ፣
በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት።
«ስንት ነው?» ብዬ ኪሴን ዳበስኩ። ልማድ ነው።
ፊቷ ጠቆረ።
መወልወያውን አንስታ
ንጹሑን ወለል እንደገና ወለወለች።

አርባኛው ቀን። ዓርብ ነበር፣ አንሻ የለችም።
አቶ ይማም ወረቀቱን ከበሩ ላጠ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆጠረ፦
ማንኪያ ስድስት፣ ልክ።
ሹካ ስድስት፣ ልክ።
ኩባያ... አራት... አምስት።
ደግሞ ቆጠረ። አምስት።
«ይኼ የኛ አይደለም።»
«የኔም አይደለም።»
ተያየን።

ሃያ ዓመት ሒሳብ መርምሬ
ጉድለትን በኮቴው አውቀዋለሁ፤
የሚደበቅበት ጥግ፣ የሚለብሰው ደረሰኝ አይጠፋኝም።
ትርፍ ግን፣
ማንም ያላስመዘገበው፣ ማንም ያልጠየቀው፣
ጠርዙ የተላጠ ትርፍ
በየትኛው ዓምድ ይገባል?
አቶ ይማም አላመነታም።
አራትን ሰረዘ፣ አምስት ጻፈ፣
«ፈርም» አለኝ።

ታች ወርጄ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ፤
ያ የቀረው አንድ ሰው ለካ እኔ ነኝ አልኩ።
ልጁ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ
«አንድ ሰው!» ይላል አሁንም።

ሐረጎን ስንጠማዘዝ፣ ጆሮዬ ሲደፈን፣ ትዝ አለኝ፦
ለአንሻ አንድ ቃል እንኳ አልተውኩም።
የሚቀጥለው ተከራይ በሩን ዘግቶ ያነባል፦
ኩባያ፣ አራት ተሰርዞ፣ አምስት።
የጽሕፈት ስሕተት ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል።
ወይ ደግሞ ይበርደው ይሆናል።