ላኪው ያልታወቀ

ባሌ ጡረታ ወጣ ከወገቡ በላይ፤
እግሩ ግን ሥራ ገባ፣ ሌሊት፣ አልጋችን ላይ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሄርኖሳንድን ዞሯል፣
የፖስታ ከረጢት ባንድ ትከሻው ኖሯል፤
የየቤቱን ውሻ በስሙ ይጠራል፣
የሚያዳልጠውን ደረጃ በቃሉ ይቆጥራል።

መብራት ሲጠፋ ነው፣ ጋደም ስንል፣ የሚጀምረው።
«ሕመም አይደለም፣ ጉንቮር፤ ማሳከክም አይደለም፤
አጥንቴ ውስጥ ሶዳ ውሃ ይፈላል፤ ስም ግን የለም።»
ከዚያ ይነሣል።
ከማድቤት እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ ማድቤት፣
እንደሚፈልግ ሰው ቁጥሩ የጠፋ ቤት።
ሲራመድ ይለቀዋል፣ ሲቆም ይይዘዋል፤
የወለላችን ቀለም በመንገዱ ልክ አልቋል።

እኔም በእልህ ጀርባዬን ሰጥቼ፣
«የሽማግሌ አመል ነው» ለእህቴ አውርቼ፣
ስንት ሌሊት ረገጠኝ፣ ስንት ሌሊት ሣቅሁ፣
ስንት ሌሊት ተቆጣሁ፣ ወደ ሶፋው ራቅሁ።
እግሩን ሰማሁ እንጂ
ልቡን ልብ አላልሁም።

የካቲት ላይ፣ ከወደቡ ወደ ቤት ስንወጣ፣
ደረቱን ይዞ ቆመ፣ ፊቱ ቀለም አጣ።
«መርከቧን ልይ ብዬ ነው» አለኝ። መርከብ የለም፤
ባሕሩ በረዶ ሆኗል፣ ጀልባ እንኳ አይሄድም።

ልጃችን ኢልቫ ተቆጣች፤ በግድ ወሰደችው።
ሱንድስቫል ሆስፒታል አስተኙት በሽቦ አስረው፣
ጭንቅላቱ፣ ደረቱ፣ ቅልጥሙ ላይ ለጥፈው።
ጠዋት ማህናዝ የምትባል ወጣት ሐኪም
ረጅም ወረቀት ዘረጋች፤ መሥመሮቹ ብዙ ናቸው።
«ይኸው» አለች በእርሳስ ጫፍ፣ «እግሩ ሲወራጭ እዚህ ላይ፣
ልቡ ይደነግጣል፤ ግፊቱም ይወጣል ወደ ላይ።
በሰዓት አርባ ጊዜ።»
እኔም በሆዴ አባዛሁ፣ በዓመቱ፣ በሌሊቱ፤
ደጃፍ ለደጃፍ ካደለው ፖስታ በለጠ ብዛቱ።

«ታዲያ እግሩ ነው ልቡን ያሳመመው?» አልሁ።
እርሳሷን አስቀመጠች።
«አላውቅም» አለች።
(እዚህ ላይ ወደድኋት።)
«ምናልባት የእግሩ ሁከት ልቡን አድክሞት ይሆናል፤
ምናልባት እንቅልፍ ማጣት ሁለቱንም ይጎዳል፤
ምናልባት የብረት ማነስ፣ ምናልባት የጥንት ሲጋራው፤
ምናልባት ልቡ ይሆናል ቀድሞ እግሩን የጠራው።
አብረው ስለታዩ ብቻ አንዱ አንዱን ወለደው አንልም፤
ጥናቱም ገና ይከራከራል፣ እርስ በርሱ አልተስማማም።»

ሲክስተን ሣቀ፤ ካንድ ወር ወዲህ ሲሥቅ ማየቴ ነው።
«ላኪው ያልታወቀ ደብዳቤ ነዋ!
አድራሻው ‹ለልብ› ይላል፣ የላኪው ስም ጠፍቷል።
እኛ እንዲህ ያለውን አንጥልም። መደርደሪያ ላይ ይቆያል፤
አንድ ቀን ባለቤቱ ይመጣ ይሆናል።»
ሐኪሟም ሣቀች፤ ደብዳቤው ሳይከፈት
የደም ግፊቱን ኪኒን ጻፈችለት።

እንግዲህ ጠዋት ብረቱን በብርቱካን ጭማቂ ይውጣል፤
ማታ ቡናውን ትቷል፣ ይህም እንደ ሐዘን ይቆጠራል።
አንዳንድ ሌሊት ይተኛል። አንዳንድ ሌሊት አይተኛም።
ሲተኛ ደግሞ እኔ ነኝ ዝምታውን ፈርቼ የማልተኛ፤
ትንፋሹን የማዳምጥ፣ የአልጋ ዳር ዘበኛ።

ሲነሣ እነሣለሁ፤
ካልሲዬን አጥልቄ ከኋላው እሄዳለሁ።
ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ላይ በረዶ ጠራጊው መኪና ያልፋል፤
ቢጫ መብራቱ ጣሪያችን ላይ አንዴ ዞሮ ይጠፋል።
መስኮቱ ዘንድ ሲቆም መዳፌን ደረቱ ላይ አኖራለሁ፤
ዱብ፣ ዱብ፣ አንዷን ዘለላት፣ ዱብ፤ ሳልናገር እቆጥራለሁ።
«አሥራ አራት ቁጥሮች ደረጃቸውን ዛሬም አልጠረጉም» ይላል፤
«ሰው ይወድቅባቸዋል።»
ቃሉ ከአፉ ሳያልቅ
እግሩ ወደ ማድቤት መንገድ ጀምሯል።