ትርፍ ቤት

ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ፣ ዶሮ ማነቂያ ሳይገባ፣
የፊታውራሪው ቤት አለ፣ ሰገነቱ የጣውላ አበባ።
ሰው ካሜራ ይዞ መጥቶ የሚያነሳው እሱን ነው፤
የኔ ነገር ግን ከጓሮ፣ ከጥዱ ሥር ነው ያለው።

ማድ ቤት፣ የበቅሎ ጋጥ፣ የማገዶ ዳስ፣ የዶሮ ቆጥ፣
በር ላይ የአባቴ ዘብ ቤት፣ ከካፖርቱ ብዙ የማይበልጥ።
ከሁሉ ወዲያ አንድ ትንሽ፣ ሙሴ ኦሃንስ የሠራው፣
ከትልቁ ቤት ከተረፈው፣ ከዝግባ ቁራጭ ጣውላው፤
ለየሻሽወርቅ እቃቃ፣ ሰባት ዓመት ለሞላት፣
መስኮት ከነመጋረጃው፣ ደረጃ፣ ስንዝር ሰገነት።

እሷ ሁልጊዜ እመቤት፣ እኔ ሁልጊዜ ገረድ፤
የጭቃ ወጥ በቆርኪ ይዤ፣ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ።
አንድ ቀን ብቻ፣ ኩፍኝ ይዟት ትልቁ ቤት ስትተኛ፣
ገብቼ ከውስጥ ቆለፍኩት፤ እመቤት ከነሠራተኛ።
በስንዝሯ መስኮት አየሁት አባቴን፣ በር ላይ ቆሞ፤
ከዚያ ሲታይ ረጅም ነው፤ እንዲያ አይቼው አላውቅ ቀድሞ።

በስልሳ ሰባት፣ በሐምሌ፣ ቦት ጫማው ጭቃ የላሰ
ጸሐፊ ሜትር ይዞ መጣ፤ ግቢውን ዞሮ ጨረሰ።
ማድ ቤቱን አንድ አለ፤ ጋጡን ሁለት፤ ዘብ ቤቱን ሦስት፤
እቃቃው ዘንድ ሲደርስ ቆመ፤ አሰበ። «አራት። ትርፍ ቤት።»
የሻሽወርቅ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ቡሩሽ አጥቅሶ
ቁጥር ጻፈ ለትንሿ በር፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ።

እነሱ ዘመድ ጋ ሄዱ፣ በአንድ ታክሲ፣ በሁለት ሻንጣ፤
ጋጡ ለአናጢ ደረሰ፣ ዘብ ቤቱ ለሌላ፣ በዕጣ።
ለኛ የወጣልን እቃቃው፣ በወር ሁለት ብር ከሃምሳ፤
የአባቴ እግር ደጅ ያድር ነበር፣ ካፖርት ለብሶ፣ እስኪነሳ።

አባቴ ከዚያ ወጣ፣ በቃሬዛ። ሁለት ወለድኩ። አጎንብሼ
ስገባ ስወጣ ኖርኩኝ፣ ጉበኑን በግንባሬ ዳብሼ።
አንድ ቀን መጣች። ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት፣ ደጅ ተቀምጣ፣
ሻይ ቀዳሁላት። «ስኳር» አለች፤
ተነሳሁ፣ ያው እንደ ጥንቱ፣ ላመጣ።

ዘንድሮ ደግሞ ልጆች መጡ፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፤
ትልቁን «ቅርስ» ብለው ጻፉ፣ ጥግ ጥጉን በጣት ዳሰው።
የኔን ካርታው አያውቀውም፤ ጥዱ ሸፍኖታል ከሰማይ።
ዞረው ዞረው ደረሱብኝ፣ ልብስ ሳሰጣ ገመድ ላይ።
«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ አንዱ፣ አንገቱን ቀልሶ፤
ደረሰኝ አወጣሁለት፣ የስንት ዓመት፣ ፌስታል ለብሶ።
አነበበ። አፈረ መሰል። ሜትሩን ከኪሱ ሲስብ ለካ
ቁመቱን ሊይዝ ነው። «ተው ልጄ፣ አትድከም» አልኩት፣ «እኔን ለካ።»
ጎንበስ እንዳልኩ ቆምኩለት።
አንድ ልክ ነን፣ እኔና ቤቱ፣
ለካ።